የጣና የዕረፍት ቀን

ባሕር ዳር ደርሼ መምጣቴን የሰማ የድሬዳዋ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ጢስ ዓባይ ነው። አላየሁትም። ገዳማቱንም አላየሁም። ጉማሬስ ላሉኝ፣ አንድ ጠዋት ውኃው ላይ ጥቁር ነገር አይቼ ነበር፤ ጉማሬ ይሁን የተገለበጠ ታንኳ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ሐይቅ ዳር ከርሜ አብዛኛውን ጊዜ ስመለከት የሰነበትኩት ኮምፒውተር ነው። ቢሆንም ያጋጠመኝ ነገር ከፏፏቴ የሚያንስ አይመስለኝም። ስለዚህ ለማትሄዱት፣ በተለይም ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር የዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጣችሁ «እሺ፣ ከዚያስ?» ለምትሉኝ ጓደኞቼ፣ ከመነሻው ልጀምር።

የጠራችኝ ዶክተር የሺእመቤት ናት። እኔ የሺ ነው የምላት። አዲስ አበባ ሁለተኛ ዲግሪያችንን አብረን ነው የተማርነው። እሷ የተፈጥሮን ነገር በኮምፒውተር ማስላት ያዘች፤ ሐይቅን በሐሳብ ትንንሽ ካሬ አድርጋ ትከፍልና ሙላቱን፣ ጉድለቱን፣ ማዕበሉን ትቀምራለች። እኔ ደግሞ ያ ሁሉ ቁጥር እንዳይጠፋና እንዳይደባለቅ፣ ከዓመታት በኋላ ሌላ ሰው ከፍቶ እንዲረዳው አድርጎ ማደራጀት ሥራዬ ሆነ። ባጭሩ እሷ ወጡን ትሠራለች፣ እኔ ጓዳውን አስተካክላለሁ።

ስልኩ ላይ ያለችኝ ይህን ነው፦ «ነስሮ፣ ተባባሪ ፕሮፌሰርነት ልጠይቅ ነው። ኮሚቴው የታተሙ ሥራዎቼን ብቻ ሳይሆን ዳታውንም ለሁሉም ክፍት አድርጊ ብሎኛል። ጓዳዬ ደግሞ ለእንግዳ የሚታይ አይደለም። በሞቴ ና!» በሞቴ ካሉኝ በኋላ እምቢ ማለት አልችልም። የጥቅምት ወር ስለነበር ኮሌጄም ፈቃድ አልነፈገኝም።

ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ ከድሬ ተነሳሁ። ለየሺ የያዝኩት ስጦታ ሐላዋ የሚባለው የእኛ ጣፋጭ ነው፤ ከመጋላ ገበያ፣ እናቴ ራሷ መርጣ ያስጠቀለለችው። የአዋሽን ሙቀት ሐላዋውም እኔም ለምደነዋልና ያለ ችግር አለፍነው። አዲስ አበባ ስንደርስ ግን ብርዱ አጥንቴ ድረስ ገባ። የአክስቴ ልጅ ቤት ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ አደርኩ። የድሬ ሰው በጥቅምት አዲስ አበባ ሲያድር ሊታዘንለት ይገባል።

እሑድ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው አውቶቡስ ላይ ከጎኔ የተቀመጡት ነጭ በነጭ የለበሱ፣ ዕድሜያቸው የገፋ እናት ነበሩ። የዓባይን በረሃ ቁልቁል መውረድ ስንጀምር ሰዉ ሁሉ «ወይ ሙቀት!» እያለ መስኮት ሲከፍት እኔ ገና ሰውነቴ ተፍታቶ ደስ ብሎኝ ነበር። ደስታዬ ድልድዩ ድረስ እንኳን አልዘለቀም። ለካስ ሐላዋው ጉልበቴ ላይ ሆኖ ዘይቱ መጠቅለያውን አልፎ ወጥቷል። ሱሪዬን አረጠበ፣ ወንበሩን አረጠበ፣ ከዚያም የእናትየዋን ነጠላ ጥበቡ ላይ ያዘው። መግቢያ አጣሁ። ይቅርታ ስደረድር ጨርቁን አገላብጠው አዩና፣ «ዘይት እኮ ነው ልጄ፣ ይታጠባል። ይልቅስ ምንድን ነው? መዓዛው መልካም ነው» አሉኝ። ቆርሼ ሰጠኋቸው። ደብረ ማርቆስ ላይ ምሳ ስንወርድ ደግሞ በተራቸው ከያዙት ቆሎ በእፍኜ ሞሉልኝ። የየሺ ስጦታ ባሕር ዳር የደረሰው ሩቡ ጎድሎ ነው።

የሺ መናኸሪያ ቆማ ጠበቀችኝ። ከድሮው ከስታለች፣ ሣቋ ግን ያው ነው። በባጃጅ ግሽ አባይ ሰፈር ወደያዘችልኝ ፔንሲዮን ወሰደችኝ። ባጃጁ የእኛው ባጃጅ ነው፣ ሰማያዊና ፈጣን። መንገዱ ግን ግራና ቀኝ ዘንባባ፣ መጨረሻው ውኃ። እኛ ደቻቱን ወንዝ ብለን የምንጠራ ሰዎች፣ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ሆኖ ከርሞ አንድ ቀን በድንገት ደርሶ የሚያስሮጠንን ማለቴ ነው፣ ይህን የሚያህል ውኃ ሳይቆጣ ተኝቶ ስናይ እንጠራጠራለን። የፔንሲዮኑ ባለቤት «እንደምን ዋሉ? ደክሞዎታል፣ ይግቡ» ሲለኝ ዞሬ ከኋላዬ ማን አለ ብዬ አየሁ። ድሬ ላይ ሕፃንም ሽማግሌም አንተ ነው። እዚህ በመጣሁ ቀን ዐሥር ዓመት ጨመርኩ።

ሰኞና ማክሰኞ ፔዳ በሚባለው የዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ የሺ ቢሮ ውስጥ አለፉ። ተማሪው በመስኮቱ ሥር ይተራመሳል፤ እኛ ጓዳውን እንፈትሻለን።

መጀመሪያ ያሳየችኝ የሥራዎቿን ዝርዝር ነው። ኢንተርኔት ላይ የእያንዳንዱ ተመራማሪ ስም ሥር፣ ያሳተመው ሁሉ ተራ በተራ ይቀመጣል፤ ጎኑ ላይ ደግሞ ስንት ሌሎች ተመራማሪዎች ያንን ሥራ እንደጠቀሱ የሚያሳይ ቁጥር አለ። የሺ አራት ሥራዎች አሏት፤ ለማዕረጉ የሚጠየቁት አራት ናቸው። አንዱ ሐይቅን ከፋፍሎ በትንሽ ኮምፒውተር ስለማስላት ነው። ሌሎቹ ሁለቱ ከገጠር በስልክ መልእክት የሚላክ ልኬትን ስለማሰባሰብና ስለማስቀመጥ ናቸው። የሦስቱም ቁጥር ትሑት ነው። የአራተኛው ግን ሌላ ነው።

«ይቺ ልጄ ናት» አለችኝ ጣቷን እስክሪኑ ላይ አድርጋ።

ልጇ የምትለው ነገር እንዲህ ነው። ጎርጎራ፣ የሐይቁ ሰሜን ዳርቻ፣ ውኃው ውስጥ አንድ ምልክት ያለበት የብረት ዘንግ አስተክላለች። ጋሽ ፈንቴ የሚባሉ የአካባቢው ሰው በየማለዳው ወርደው ውኃው ዘንጉ ላይ የት እንደደረሰ ያነቡና ቁጥሩን በስልክ መልእክት ይልኩላታል። ከዚያ ልኬት ያገኘችው ነገር ስሟን አስጠራ፦ ጣና ሲሞላም ሲጎድልም በእርጋታ አይሄድም። በወር ሁለት ጊዜ፣ ለአንድ ቀን፣ ባለበት ቀጥ ይላል። በማግሥቱ የሁለቱን ቀን ባንድ ላይ ይሄዳል። ነገሩ በየወሩ ስለሚመላለስ ከጨረቃና ከነፋስ ጋር አያይዛ በረጅም ስሌት አብራራችው። «የጣና ዕረፍት» ነው የምትለው። በዚያ ላይ ተመሥርተው መመረቂያቸውን የሚሠሩ ሦስት ተማሪዎች አሏት።

ቁጥሮቹን አየሁ። በዚያች የዕረፍት ቀን ያለው ቁጥር ከበፊቱ ቀን ጋር ቁርጥ አንድ ነው፤ አንዲት ሴንቲ ሜትር ወዲህ ወዲያ አይልም። «አቦ፣ ይኼ ሐይቅ እንዴት ያለ ወታደር ነው?» አልኳት። ሣቀች። «ውበቱ እሱ አይደል!» አለች። ፊቷ በርቶ ስለነበር ሌላ አልጨመርኩም። ይሉኝታ ባሕር ዳር ላይ በአየሩ ነው መሰለኝ የሚይዘው፤ እኔ ድሬ ላይ አላውቀውም ነበር።

ዳታ ለሰው ሲከፈት ግን ቁጥሩ ብቻ አይበቃም፤ ማን ለካው፣ በምን ለካው፣ እንዴት ለካው የሚለው አብሮ መጻፍ አለበት። ዘንጉንም ፎቶ ማንሳት ያስፈልጋል። ስለዚህ ረቡዕ ጠዋት መንገዱ ደህና መሆኑን ጠይቀን በኮንትራት መኪና ወደ ጎርጎራ ተነሳን። ሐሳባችን ከሰዓት በፊት ደርሰን፣ ፎቶ አንስተን፣ ጋሽ ፈንቴን አነጋግረን በማግሥቱ ማለዳ መመለስ ነበር።

ያንን ሐሳብ ያበላሸው ሩዝ ነው። ወረታ ላይ አጎቴን የሚያውቁ ሐጅ ኑርዬ የሚባሉ ነጋዴ አሉ፤ ለሰላምታ ብቻ ጎራ ልበል አልኩ። ለሰላምታ ብቻ! ቤታቸው ከገባን በኋላ በሩ ላይ ቆመው አላስወጣ አሉን። የወረታ ሜዳ ሁሉ ሩዝ ነው፤ እኛ ድሬዎች ሩዝ በጆንያ እንጂ በእርሻ አይተን አናውቅም። ለእኔ በሥጋ፣ ለየሺ ረቡዕ ጾም ስለሆነ ለብቻው በአትክልት ተሠራ። ሐጅ «ክርስቲያን እንግዳ ጾሟን ቤቴ ብታፈርስ ምን ይሉኛል?» እያሉ ድስቱ ሳይነካካ መቅረቡን ራሳቸው ቆመው ተቆጣጠሩ። ሩዙ ከእናቴ ይሻላል አልልም፤ ታነበዋለች። ከዚያ ቤት ስንወጣ ቀኑ ዘምበል ብሎ ነበር፤ ያ ምሳ ባይኖር ይህ ጽሑፍም አይኖርም።

ጎርጎራ የደረስነው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ጋሽ ፈንቴ ከነባለቤታቸው ከእትዬ ጥሩነሽ ጋር መንገድ ላይ ወጥተው ሲጠብቁን አገኘናቸው። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ፂማቸው ሽበት የሆነ ሰው ናቸው። የሺን አገላብጠው ሳሟት። «ልጄ መጣች! ውኃዬን ልታይ መጣች!» አሉ። ወደ እኔ ሲዞሩ ምላሴ የድሬዋን አመጣችና፣ «አንተ ነህ ጋሽ ፈንቴ? እንዴት ነህ አቦ?» አልኳቸው። የሺ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። እትዬ ጥሩነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እኔ ደንግጬ ስቆም ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሣቁ። «አባቴ ካረፉ ወዲህ አንተ የሚለኝ ሰው አጥቼ ነበር። አንተው በለኝ ልጄ፣ ወጣት አደረግኸኝ!» አሉኝ።

ለእራት ዓሣ ቀረበ። መንገድ ላይ ሳለን የሺ ደውላ እስላም እንግዳ ይዣለሁ ብላ ነበርና ሁለቱ ሲመካከሩ ውለው ኖሯል። «ዓሣ ማንም አይባርከው፣ ማንም አያርደው፤ ለጾመኛውም ለሁላችንም ይሆናል» አሉኝ እትዬ ጥሩነሽ፣ ትልቁን ወደ እኔ እየገፉ። «አፈር ስሆን፣ ይህችን ብላ!» አፈር ከሚሆኑብኝ ብዬ በላሁ። ስለ ነገው ስንነጋገር ግን ጋሽ ፈንቴ እጃቸውን አነሱ። ነገ የወሩ ዐሥራ ሁለት፣ ሚካኤል ነው። የሚካኤል ጽዋ ማኅበር አላቸው፤ ወሩ በገባ በዐሥራ ሁለት በየተራ ከማኅበርተኛው ቤት ይሰበሰባሉ፣ እሳቸው ደግሞ የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም አለቃ ናቸው። የነገው ተረኛ ሽቅብ ኮረብታው ላይ፣ ከሐይቁ ራቅ ብሎ ነው። «አብራችሁኝ ትወጣላችሁ፣ ዘንጉ ዓርብ ይደርሳል፤ ዘንግ አይሸሽ» አሉ።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ሽቅብ ተያያዝነው። እኔ የሜዳ ልጅ ነኝ፤ በየመቶ እርምጃው ቆሜ መልክዓ ምድሩን የማደንቅ መሰልኩ። የባለተራው ቤት ስንደርስ ቄሱ ዳቦውን ባርከው ቆረሱ፣ ጠላው ዞረ። ለእኔ የማያሰክር የማር ብርዝ በአዲስ ብርጭቆ ተለይቶ መጣ። ማን እንዳዘዘ አላውቅም፤ ኋላ ስጠይቅ ትናንት ማታ ልከው ያሳሰቡት ጋሽ ፈንቴ ናቸው። ሰዉ ስለ ድሬ ጠየቀኝ። ወንዛችን አሸዋ ነው ስላቸው አዘኑልኝ። ከደጁ ላይ ቁልቁል ሲያዩት ጣና ከታች፣ ሩቅ፣ ጭጋግ የመሰለ ነገር ነበር።

ቀኑ ወደ እኩሌታው ሲጠጋ ጋሽ ፈንቴ መነጽራቸውን አወጡ። ከኮታቸው ኪስ ስልካቸውንም አወጡ። ስልኩን ራቅ አድርገው ይዘው፣ በአንድ ጣት፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አንድ በአንድ ጻፉ። የሺ ከፊት ለፊታቸው፣ እኔ ከጎኗ ነበርን።

የየሺ ስልክ ጮኸ።

አየችው። እኔም በትከሻዋ በኩል አየሁት። «3 ሜትር ከ42። ፈንቴ» ይላል። ረቡዕ ጠዋት የላኩት ቁጥር ነው። ቀና ስትል ሽማግሌው መነጽራቸውን እያጠፉ ፈገግ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁላት፤ አየሽ፣ በማኅበር ቀን እንኳን አልረሳሁሽም እንደማለት።

የሺም ፈገግ አለችላቸው። ፈገግታው ፊቷ ላይ ደርቆ ቀረ። ውኃው እዚያ ታች ነው፤ ሰውዬው ከጎህ ጀምሮ ከዓይናችን አልራቁም።

ቁልቁል ተመለስን። ማታ የዕረፍቶቹን ቀኖች አንድ በአንድ ወደ እኛ አቆጣጠር መለስኳቸው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የፈረንጁን ቀን ብቻ ነው፤ በዚያ ሲታይ ዕረፍቱ አንዱን ወር ሃያ ሁለት ላይ፣ ሌላውን ሃያ፣ ሌላውን ዐሥራ ዘጠኝ ላይ እየወደቀ የሰማይ ነገር ይመስል ነበር። በእኛው ሲቆጠር አንዱም ዝንፍ አላለም፦ ዐሥራ ሁለት፣ ሃያ አንድ፤ ዐሥራ ሁለት፣ ሃያ አንድ። «ሃያ አንድ ምንድን ነው?» አልኳት። «ማርያም» አለች። «የማርያምም ማኅበርተኛ ናቸው። በሕፃንነቴ እናቴ በየወሩ ይዛኝ ሄዳለች ነስሮ። እንዴት አላየሁትም?»

ሦስት ዓመት የደከመችበትና ስሟን ያስጠራው ሥራ፣ ሰኞ ኮሚቴ ፊት የምታቀርበው፣ የሁለት ቀን ማኅበር ሆኖ ተገኘ። አንጀቴን በላችኝ።

ዓርብ ማለዳ ከጋሽ ፈንቴ ጋር ወደ ዘንጉ ወረድን። እንቦጭ የሚባለው አረም ዳርዳሩን ይዞታል፤ በዱላቸው ገለል አድርገው ጎንበስ አሉና አነበቡ፦ ሦስት ሜትር ከአርባ። እኔም አነበብኩ፣ የሺም አነበበች። አርባ ነው። ረቡዕ አርባ ሁለት፣ ሐሙስ በኮረብታው አርባ ሁለት፣ ዛሬ አርባ።

«ጋሼ» አለች የሺ፣ በጣም ለስልሳ፤ «ትናንት የላኩልኝን ከየት አገኙት?»

«የረቡዕን ነዋ።» ምንም የተደበቀ ነገር ድምፃቸው ውስጥ የለም። «በሚካኤል ለት ማኅበርተኛውን ጥዬ ከየት ወርጄ አየዋለሁ? የማርያም ለትም እንዲሁ ነው። ታዲያ ምን ልላክልሽ? የሰው ልጅ ሥራዋን እኔ ላይ ጥላ፣ ባዶ መሶብ ላቅርብልሽ? ውኃው እንደሁ ባንድ ቀን የት ይደርሳል ብየ ነው።» ሣቅ አሉ። «እንዲያውም በሚካኤል ለት እሱም ያርፋል።»

የሺ አብራ አልሣቀችም። ፊቷን ሲያዩ ሣቃቸው ጠፋ። «ጎዳሁሽ እንዴ ልጄ?» አሉ።

እዚህ ላይ «ኧረ ምንም አይደል» እንደምትል እርግጠኛ ነበርኩ። እኔ ብሆን፣ የዚያ ሰው ዓሣ ጣቴ ላይ ሳይደርቅ፣ ይህንኑ ነበር የምለው። እሷ ግን ድንጋዩ ላይ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ተጎድቻለሁ ጋሼ። የጎዱኝ ግን እርስዎ አይደሉም። ስንት ዓመት ስልክ ስንደዋወል አንድ ቀን እንኳ ማኅበር አለዎት ወይ ብዬ አልጠየቅሁዎትም። ቁጥሩን እንጂ ቀንዎን አልጠየቅሁም።»

«እኔ እኮ እንዳይጎድልብሽ ብየ ነው።»

«አውቃለሁ። ከእንግዲህ ግን ባዶውን ይላኩልኝ።»

«ባዶ ይላካል እንዴ?»

«ይላካል። 'አልወረድሁም' ይበሉኝ። ይበቃኛል።»

ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ። እሺም እምቢም አላሉም። ወደ ቤት ስንመለስ ከፊታችን ነበሩ፤ ሲመጡ ቀጥ ያለው ጀርባቸው ጎብጦብኝ አየሁት። መኪናው ሲመጣ እትዬ ጥሩነሽ የተጠበሰ ዓሣና ሎሚ ጠቅልለው ሰጡን፤ እሳቸው ግን ሊሸኙን አልወጡም። «ራሱን አሞታል» አሉ እትዬ ጥሩነሽ፣ ዓይናቸውን ከእኛ አሽሽተው። ከማዕረጉ በላይ የሺን የጎዳት ይኼ ይመስለኛል።

መንገድ ላይ አላስችል አለኝ። «አቦ፣ የሺ፣ ሰኞ እንዳለ አስገቢው። ማዕረጉን ያዢና ከዚያ ታርሚዋለሽ። አንድ ወር ምን ያመጣል?» አልኳት። የምወዳት ጓደኛዬ ስለሆነች ነው ያልኩት፤ ከልቤም ነበር።

ዓይኗን ከሩዙ ሜዳ ሳታነሳ፣ «የማላውቀውን ቀን በትናንትናው ሙዪው እያልኸኝ እኮ ነው» አለች። «ጋሼ ቢያደርጉት ባለማወቅ ነው። እኔ ግን አሁን አውቃለሁ። ሦስቱ ልጆቼስ? በማኅበር ቀን ላይ መመረቂያ እንዲጽፉ ልተዋቸው?»

ደግሜ አላነሳሁትም። ዓሣውን በሎሚ በላን።

ቅዳሜ ፔዳ ገብተን ዐሥራ ሁለቶቹንና ሃያ አንዶቹን ሁሉ ከዳታው አወጣንና ስሌቱን እንደገና አስኬድነው። እየቆመ የሚዘለው የደረጃ ቅርጽ ጠፋ። ቦታው ላይ አንድ ለስላሳ መስመር፣ ክረምት ላይ በእርጋታ የሚወጣ፣ በጋ ላይ በእርጋታ የሚወርድ፣ ተጋድሞ ቀረ። እንደማንኛውም ሐይቅ። የሺ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ተመለከተችውና በመሐሉ ሣቀች። «ጨረቃን በከንቱ ስሟን አጠፋኋት» አለች። ከዚያ ላሳተመላት መጽሔት ጻፈች፤ የሆነውን ሳትሸፋፍን ነግራ ሥራው ከኅትመት እንዲነሳ ጠየቀች። ለኮሚቴው ካዘጋጀችው ዝርዝር ላይም አራተኛውን በራሷ እጅ ሰረዘችው። ሌሎቹ ሦስቱ በጎርጎራ ቁጥር ላይ የቆሙ ስላልሆኑ እንዳሉ ናቸው፤ ግን ሦስት አራት አይሆንም።

እሑድ ተሰነባበትን። ሰኞ ማታ አዲስ አበባ ሳለሁ ደወለች። ኮሚቴው ለቅንነቷ አመስግኗት ፋይሏን ለሚቀጥለው ዓመት መልሶላታል። «ምስጋናውን የት ላስቀምጠው?» ስትለኝ ድምጿ ተሰበረ። ጋሽ ፈንቴስ ብዬ ጠየቅኳት። ቁጥሩ በየጠዋቱ ይመጣል አለች፤ በፊት ግን ከቁጥሩ ኋላ «እንዴት አደርሽ ልጄ» ትከተል ነበር። አሁን ቁጥሩ ብቻ ነው።

ድሬ ስመለስ እናቴ ስለ ሐላዋው ጠየቀችኝ፤ ከፊሉን ነገርኳት። ሙቀቱ ተቀበለኝ፣ ሁሉም አንተ አለኝ፣ ወደ ዕድሜዬ ተመለስኩ። ከመለያየታችን በፊት የጎርጎራው መልእክት ለእኔም እንዲደርሰኝ አድርገን ነበርና በየጠዋቱ ውኃው ሲጎድል ከዚህ ከአሸዋው ዳር እከታተላለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት ሃያ አንድ ጠዋት፣ መልእክቱ በሰዓቱ አልመጣም። ቀረ ብዬ ሳዝን፣ ወደ ምሳ ሰዓት ገደማ ስልኬ ጮኸ። ቁጥር የለበትም። በአንድ ጣት፣ ስልክ ራቅ አድርጎ ይዞ፣ ከንፈርን እያንቀሳቀሱ መጻፍ ምን ያህል እንደሚፈጅ አይቻለሁና ቶሎ አላነበብኩትም፤ ቀስ ብዬ አነበብኩት፦

«ዛሬ ማርያም ናት። አልወረድሁም። ነገ እወርዳለሁ። እንዴት ዋልሽ ልጄ። ፈንቴ»

ወዲያው የሺ ደወለች። አንሥቼ ሃሎ ስል ስታለቅስ ነው የምሰማው። ጠበቅኳት።

«ነስሮ» አለችኝ በመጨረሻ፤ «ባዶውን ላኩልኝ።»